በትውስት የመጣችው

መጋቢት 3

ትውስቷ ዛሬ ገባች። ወልዳ ዕረፍት የወጣችው ዐቃቤ ሕጋችን እስክትመለስ ከሌላ ከተማ ቅርንጫፍ አንድ ሰው በትውስት ይመጣል ሲባል፣ እኔ የጠበቅኩት ቅንድቧን ሰቅላ የምታዝ ሴትዮ ነበር። የመጣችው የእኔን የመጨረሻ ልጅ የምታህል ናት፤ ጎማው የወለቀ ሻንጣ እየጎተተች ደረጃውን በሙሉ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ወጣች። ሻንጣውን ነው ይቅርታ የምትለው ወይስ ደረጃውን?

«ጸሐፊዋ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ሻይ ላምጣልሽ?» አፌን መያዝ የማልችል ሴት። ዐቃቤ ሕግን «የኔ ልጅ»!

«ሁለት ስኳር» አለችና ሳቀች። እንግዲህ ተዋደድን።

ባልዬው ማታ «ሌባ ልታሳስር ነው የመጣችው?» አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት እዚያ ቢሮ ስሠራ እስከዛሬ የሌባ ቢሮ ይመስለዋል። «የእኛ ፍትሐ ብሔር ነው፤ መንግሥት ሲከሰስ የሚቆሙለት» አልኩት ለሺህኛ ጊዜ።

«መንግሥትም ይከሰሳል?»

«ያውም በየቀኑ።»

«ታዲያ ማን ሊያሸንፈው ብሎ ይደክማል?» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። እሱ ሲቀልድ ነው። እኔ ታላቅ እህቴን እቴቴን አስቤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

መጋቢት 9

አለቃችን ፋይሎቹን ዛሬ አከፋፈለ። የልብስ ሰፊዋ ፋይል ለትውስቷ ደረሰ።

ልብስ ሰፊዋ ማለት የኔው እቴቴ ናት። ታላቄ፣ የእናቴ ልጅ። አባታችን ስለሚለያይ በስም ማንም አያገናኘንም። ባለፈው ክረምት የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ሰዎች ሱቋ ፊት ያለውን ቦይ ቆፍረው፣ አፈሩን እዚያው ከምረው ሄዱ። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት በሩን ስትከፍት የስፌት መኪኖቿ ጭቃ ውስጥ ቆመዋል፤ የአንድ ሠርግ ሙሉ ልብስ ጭቃ ለብሷል። አሁን ከጥፋቱ የተረፈችውን አንዷን መኪና ይዛ መኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ትሰፋለች። የከሰሰችበትን ካሳ ካላገኘች ሱቁን ለባለቤቱ አስረክባ በዚህ ዕድሜዋ ሰው ቤት ተቀጥራ ልትሰፋ ነው። እቴቴን ደግሞ የሚያዛት ሰው ገና አልተወለደም።

አለቃችን «ከተከራካሪ ወገን ጋር ዝምድና ያለው ይናገር» ብሎ ዐቃብያነ ሕጉን አንድ በአንድ ጠየቀ። ሁሉም የለንም አሉ። እኔ የሻዩን ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እኔን ማን ጠየቀኝ? ያን ፋይል የምትተይበው ባልደረባዬ ናት፤ እኔ ጫፉንም አልነካውም። ቤት የቢሮ ወሬ የለም፣ ቢሮ የቤት ወሬ የለም። በቃ።

መጋቢት 16

የዚች ልጅ አሠራር ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ የስብሰባ ክፍሉን ወንበሮች ታዞራለች፤ አንዱን ለዳኛ፣ አንዱን ለምስክር። ከዚያ እኔን ትጠራኛለች።

«እትዬ፣ የምለውን ሰምተሽ ካልገባሽ ዳኛውም አይገባውም። እንዳታዝኚልኝ።»

በቅርንጫፏ ዓመታት ሙሉ ውል ስትመረምር ነው የኖረችው። አንድም ቀን ሙግት ላይ ቆማ አታውቅም። ትውስቱን ራሷ ለምና ነው የመጣችው። «አንዴ ቆሜ ልከራከር፤ ከዚያ ወደ ውሌ እመለሳለሁ» ትላለች። እንደዚያ ስትል ዓይኗን ብታዩት! ለማን ነው «ብታዩት» የምለው? ደብተሩን የሚያይ የለ።

ዛሬ እኔ አጥር የገጨ የመንግሥት ሹፌር ነበርኩ። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ ጌታዬ፣ እግዜር ያሳይዎ!» ስል ሳቅ ገድሏት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ባልዬውን ነው የቀዳሁት፣ አለማወቋ በጀ።

መጋቢት 24

ሩጫ። ማተሚያው ወረቀት ይበላል። ፍርድ ቤት የምትለብሰው ካባ የላትም ተብሎ አለቃችን አሮጌውን ካባውን አዋሳት። ትውስቷ ላይ የትውስት ካባ! እሱ ቁመቱ ሰማይ ነው፤ ጫፉ ወለል ይጠርጋል። ስፌት አልችልም፣ በእቴቴ ቤት የተፈጠርኩ ጉድ። በወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጠቅ ጠቅ አድርጌ አሳጠርኩት። «እትዬ፣ ዳኛው ፊት ብረት ሆኜ ልቀርብ ነው» አለች። ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው።

ሚያዝያ 2

ዛሬ ያየሁትን ልጻፈው። ከእኛ ጋር የሚሟገቱ አንድ ሽማግሌ ቀጠሯቸውን ተሳስተው ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዘው ኖሯል። ትውስቷ ዝም ብትላቸው ቀኑ ያልፍባቸዋል፣ እኛም በነጻ እንረታለን። ተነሥታ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ ፍርድ ቤቱ ግቢ ድረስ አደረሰቻቸው።

አለቃችን «ተከራካሪሽን ቀጠሮ ታስታውሻለሽ እንዴ?» አላት።

«እሳቸውም የመንግሥት ሰው ናቸው ጌታዬ። የእሳቸው ያልሆነ መንግሥት የማን ነው?»

አለቃችን መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። እሱ መልስ ሲያጣ መነጽር ይቆሽሽበታል።

እንዲህ ያለች ልጅ ፊት ነው እቴቴ የምትቆመው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ?

ሚያዝያ 10

ዛሬ ዕረፍት ነው፤ እቴቴ ቤት ዋልኩ። ጨርቅ ስታስገባ፣ ስታዞር፣ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ ነው የምታወራው።

«ማናቸው ነው የሚሟገተኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እዚያው አይደለሽ የምትውይው?»

የወደቀ ክር መልቀም ጀመርኩ። ጉልበቴን በክርኗ ጎነጠችኝ። «ተናገሪ እንጂ፣ አፌ ውስጥ መርፌ ያለብኝ እኔ ነኝ!»

ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። ግን ስትሸኘኝ በሩ ላይ «ሰማዩን አየሽው? መጣ'ኮ ክረምቱ» አለች። የሱቋ ቦይ እስካሁን አልተጠረገም። ይህን ስታስብ ድምፅዋ ይለወጣል።

ለእሷም አልነገርኳት፣ ለትውስቷም አልነገርኳት። ማንን በደልኩ? ማንስ ጠየቀኝ?

ሚያዝያ 17

ሳላድር ልጻፈው።

በምሳ ሰዓት ወንበሮቹን አዞረች። «ዛሬ እትዬ፣ አንቺ ልብስ ሰፊዋ ነሽ» አለችኝ። አሞኛል ብል ምን ነበረበት? ግን ሰይጣን ሹክ አለኝ፤ «እንዲያውም ጥሩ፤ ጠንካራ ምስክር ሁኚባትና ትፍራ፣ እቴቴን ቀለል አድርጋ ትጠይቃት» ሲለኝ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ልበል እንጂ፣ የተቀመጠችው እኔ አልነበርኩም። እቴቴ ነበረች። አገጬን እንደሷ ቀና አድርጌ፣ ጣቶቼን እንደሷ እያሻሸሁ።

«ከዚያ ቀን በፊት ሱቅዎ ውሃ ገብቶበት ያውቃል?»

«አንዲት ጠብታ አልገባም! ሰዎችሽ አፈራቸውን ከምረውብኝ እስኪሄዱ ድረስ።»

«ዝናቡ ከባድ አልነበረም?»

«ዝናብ ሥራው መዝነብ ነው። እናንተ ሥራችሁን ብትሠሩ።»

«እንዴ እትዬ!» ብላ እስክሪብቶዋን ጣለች፣ አንሥታ ደግሞ መጣች። ከየት በኩል ብትመጣ መለስኳት። ኩራት ገባኝ፤ እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ያኔ ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«ጎረቤትዎ ያለው ሱቅ ከእርስዎ ሱቅ ዝቅ ይላል። እሱ ለምን ውሃ አልገባበትም?»

«እሱማ ምን መሸጋገሪያ አለው! ቦዩን በጣውላ የደፈንኩት እኔ፣ ደንበኛ እግሩ እንዳይ...»

እዚያ ላይ አፌን በመዳፌ ከደንኩ።

እቴቴ ከዓመታት በፊት ደንበኞቿ እንዲሻገሩ ቦዩን በጣውላ ገጥማ ደፍናዋለች። ቆሻሻው ከሥሩ ይያዛል። አፈሩ ባይከመር ውሃው አይሞላም ነበር፤ ጣውላው ባይኖር ደግሞ ሁሉም ወደ እሷ ባልገባ ነበር። ይህን እሷና እኔ እናውቃለን። ፋይሉ ውስጥ ጣውላ የሚል ቃል የለም።

«የቱ ጣውላ?» አለች ትውስቷ።

«ከራሴ ፈጥሬ ነው። ጨዋታ አይደል?»

ብዙ አየችኝ። ምንም አልጻፈችም። ወንበሮቹን ብቻዋን መለሰቻቸው፤ ሌላ ጊዜ አብረን ነበር የምንመልሰው።

ሚያዝያ 18

ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ባልዬው ሾርባ ሠራ፣ ጨው በዛበት። «ምን ሆነሽ ነው?» «ምንም።» እህቴን በገዛ አፌ። በገዛ አፌ!

ሚያዝያ 19

ነገርኳት። ቢሮዋ ገብቼ በሩን ዘጋሁና «ልብስ ሰፊዋ እህቴ ናት» አልኩ። ሌላ ብዙ ልናገር አዘጋጅቼ ነበር፣ «ማንም አልጠየቀኝም» የሚለውንም ጭምር። የወጣው ግን እንባ ነው።

እስክትቆጣ ጠበቅኩ። ተነሥታ ወንበር አመጣችልኝ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ምስክር አድርጌ ሳስቀምጥሽ ማን እንደሆንሽ መጠየቅ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነበር፤ እሱን ዘልዬ ስለ ዝናብ ጠየቅኩ።»

«እኔም መናገር ነበረብኝ የኔ ልጅ።»

«አዎ፣ ነበረብሽ» አለች። እንዲሁ ለማጽናናት አልዋሸችኝም። እንዲያ ማለቷ ምን ያህል እንዳቀለለኝ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ከዚያ በሩ ጀርባ ያለውን ካባ አየችው። ያኔ ገባኝ።

«ልትተዪው ነው እንዴ?»

«በጨዋታ ከአንቺ አፍ የወደቀ ነገር ይዤ እህትሽ ፊት ብቆም አቋቋሜ አያምርም። እንዳልሰማ ሆኜ ብከራከር ደግሞ የቆምኩለትን አታልላለሁ። በሁለቱም በኩል ቦታ የለኝም።»

«ሌላ ሙግት ይሰጡሻላ!»

«ከመሄዴ በፊት የሚደርስ ሌላ ሙግት የለም» አለች፤ ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ሚያዝያ 20

ሁለታችንም አለቃችን ፊት ቆምን። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ይገባኛል። ከምስክር ጨዋታም፣ ከፋይል ክፍሉም ታገድኩ። እሷን ገና ወጣት ናት ብሎ እንኳ አልማራትም። «ይሄ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስህተት ነው!» አላት። «ነው ጌታዬ» አለች።

«ሙግቱን ራሴ እይዘዋለሁ። ለመሆኑ ምን ሰማሽ?»

«እሱን ባይጠይቁኝ እመርጣለሁ። ከነገርኩዎት ስህተቴ ወደ እርስዎ ይተላለፋል።»

መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ጠረገው፣ ጠረገው።

«አልጠይቅሽም» አለ በመጨረሻ። «ማየት ያለብንን ሄደን ባለማየታችን ያመለጠን ነገር ከሆነ፣ ለእኛም ዋጋችን ነው።»

ስንወጣ ለእቴቴ ልንገራት ወይስ አልንገራት ብዬ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ እሱን እኔን አትጠይቂኝ። እሷ ተከራካሪ ወገን ናት፤ ምክር ልሰጣት አልችልም፣ በአንቺ በኩልም ቢሆን።» ብላ ፈጥና ሄደች። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ውሃ ከፍታ ስታለቅስ ሰማኋት። ለቅሶ ለመደበቅ ውሃ መክፈት ያስተማራት ማን ነው? ሁላችንም እንሰማለን።

ሚያዝያ 25

ለእቴቴ ነገርኳት።

«አሳልፈሽ ሸጥሽኝ!»

«እቴቴ...»

«እቴቴ አትበዪኝ! ወጪልኝ!» መቀሱን አስቀመጠች፤ ደግነቱ አስቀመጠች። በሩ ላይ ዞሬ «ልጅቷ እኮ አንቺን አልጠይቅም ብላ ሙግቱን ተወችው፤ የመጣችበትን ሁሉ ትታ» አልኳት።

«ሞኝ ናት እንዴ?» አለች እቴቴ። ግን ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ግንቦት 6

እቴቴ ስልክ አታነሣም። ትውስቷ ወደ ውል ምርመራ ተመለሰች። የሰው ረቂቅ ታርማለች፣ ለአለቃችን ሌላ ሌላ ፋይል ታዘጋጅለታለች፤ እሱ ያንን ተሸክሞ ገብቶ ይከራከራል፣ ያሸንፋል፤ እሷ «እንኳን ደስ ያለዎት» ትለዋለች፣ ከልቧ። ባልደረባዬ «እኔ ብሆን የሻንጣዬን ጎማ አስጠግኜ በማግስቱ ነበር የምሄደው» አለች። ካባው ከነሽቦው ተሰቅሏል። ሳልፍ አላየውም።

ግንቦት 15

የሙግቱ ቀን። ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ትውስቷ የኋላው አግዳሚ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ለማየት ብቻ። አጠገቧ ልቀመጥ ስል በዓይኗ ከለከለችኝ፣ ሌላኛው ጥግ ሄድኩ። ትክክል ናት፣ ሁልጊዜ ትክክል መሆኗ አንዳንዴ ያበሽቃል። ዳኛው ሲገቡ ሁላችንም ተነሣን። እቴቴ ከፊት ሆና ዞራ ኋላውን ቃኘች። እኔን ፈልጋ ነው ብዬ ነበር።

አለቃችን በወግ ጠየቃት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ መኪኖቹ። ስለ ጣውላ አንድም ቃል አላነሣም። «ጨርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ። የእቴቴ ጠበቃ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። ዳኛው «መሄድ ይችላሉ» አሏት።

እቴቴ አልተነሣችም።

«ክቡር ዳኛ፣ አንድ ያልተጠየቅኩት ነገር አለ።»

ጠበቃዋ እጁን አነሣ፤ እሷ በመዳፏ መለሰችው፣ እንደ ዝንብ።

«ቦዩ ላይ ጣውላ ነበረኝ። እኔው ነኝ የደፈንኩት፣ ደንበኛ እንዲሻገር። አፈሩን የከመሩት እነሱ ናቸው፤ ጣውላው ደግሞ የኔ ነው። የእነሱን በእነሱ ቁጠሩ፣ የኔን በኔ።»

ዳኛው እስክሪብቷቸውን ቆም አደረጉ። «ማን ጠይቆዎት ነው ይህን የሚናገሩት?»

«ማንም» አለች እቴቴ። «ሊጠይቁኝ የሚችሉ ሰዎች እያሉ ዝም ስላሉ ነው።»

ትውስቷ አንገቷን ደፍታ ነበር። ትከሻዋን ብቻ ነው ያየሁት።

ውጭ ደረጃው ላይ እቴቴ አጠገቤ መጥታ ቆመች። አላቀፈችኝም። «ሻሽሽ ተጣሟል» አለችና አስተካከለችልኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

ግንቦት 29

ተፈረደ! ካሳውን የውሃው መሥሪያ ቤት ይክፈል፣ ከዚያ ላይ ለጣውላው ድርሻ ይቀነስ፣ ቦዩ ባስቸኳይ ይጠረግ። መኪኖቿን ትገዛለች፣ ሱቁ የእሷ ነው። ባልዬው «መንግሥት ተሸነፈ?» ሲለኝ «አይ፣ እሱም ትንሽ አሸነፈ» አልኩት። ግራ ገብቶት ተኛ።

እቴቴ ቢሮ ድረስ መጣች፣ በሩ ላይ። በፍርድ ቤቱ ያየቻትን ልጅ አስጠራቻት። «ካባሽን ሽቦ ጠቅ አድርጋበታለች አሉ፣ ይቺ እጀ ሰባራ እህቴ። ስጪኝ፣ ባንዴ ላጥፈው።»

ትውስቷ ቀላች። «አመሰግናለሁ እትዬ፣ ግን አይቻልም። የይግባኝ ጊዜው አላለፈም። ገና ተከራካሪዎች ነን።»

«ለአንድ ጠርዝ?»

«ለአንድ ጠርዝም።»

እቴቴ ከላይ እስከ ታች አየቻት። እንዲህ የምታየው ጥሩ ጨርቅ ስታገኝ ነው። «መቼ ነው የሚያልፈው?» አለች።

ሰኔ 8

ሄደች። ወላዷ ተመለሰች፣ ትውስቱ አበቃ። ካባውን አጥፋ ለአለቃችን መለሰችለት፤ በእሷ ትከሻ ላይ አንድም ቀን ፍርድ ቤት አላየም። አለቃችን ከመቀመጫው ተነሥቶ ሻንጣዋን እስከ ታች ተሸከመላት። እሱ! የእኔን የወረቀት ካርቶን እንኳ አልፎ የሚሄደው ሰው።

እኔ ምን እላለሁ? «ቆመሽ ሳትከራከሪ መሄድሽ በእኔ ነው» አልኳት።

«ተዪ እትዬ። ብቆም ኖሮ አንቺ ያስተማርሽኝን ነበር የምጠይቀው፤ ያ ደግሞ ያሸንፍ ነበር» አለችኝ ሳቅ ብላ፣ አቅፋ። ጎማው ተጠግኗል፣ ይቅርታ ሳትል ወረደች።

የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ለምሳ አይዞሩም አሁን።

ሐምሌ 4

ከቅርንጫፏ ደወለች! የመጀመሪያዋን ሙግት ሰጧት፣ ከክረምቱ በኋላ። አለቃችን ነው አሉ ለእነሱ አለቃ ደውሎ የተናገረላት። ስጠይቀው መነጽሩን ጠረገ።

ሐምሌ 30

ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ ነው። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ እቴቴ ሱቅ ሮጥኩ። ቦዩ ተጠርጓል፤ ጣውላው ተነሥቶ በቦታው ውሃ የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ አስገጥማለች። ውሃው ከሥሩ እየተንጎራጎረ ያልፋል። ወለሉ ደረቅ። ደረቅ!

እቴቴ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ዘርግታ፣ አፏ መርፌ ሞልቶ፣ በጠመኔ ትሰምራለች።

«የማን ልብስ ነው?»

«የይግባኙ ጊዜ ዛሬ አለቀ። አለቃሽም ይግባኝ አላለም፤ ጠበቃዬን ጠይቄ አረጋገጥኩ።»

ጨርቁን አየሁት። ሰፊ ትከሻ፣ ረጅም እጅጌ። ካባ።

«እንዴ እቴቴ፣ ልኳን ማን ሰጠሽ? እኔ እንኳ አላውቀውም። አንቺ ደግሞ ሁለቴ ብቻ ነው ያየሻት፤ ፍርድ ቤት ስትቀመጥና እኛ በር ላይ።»

መርፌዎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አወጣች፣ ለዚህ መልስ ብቻ።

«ዳኛው ሲገቡ ስትቆም አይቻታለሁ» አለችና መቀሱን አነሣች።